ወንበሬስ?

ጌንት ከተማ፣ ወንዙ ዳር፣ ጣራው የሚያፈስ ቤት፣
አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ዘብ የቆምኩበት፤
የሸማኔ መወርወሪያ፣ ጠርዙ የተሸረፈ የብርጭቆ ዋንጫ፣
ስሙ ያልታወቀ ሰውዬ፣ ቀለም የተላጠ አፍንጫ፤
ይህ ሁሉ ሀብቴ ነበር፤ የኔ አልነበረም እንጂ።

ባልዲ ስንደረድር ከረምን፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል።
ዳይሬክተሯ አንድ ቀን፦ «ሕንፃው ይዘጋል፣
ዕቃው መጋዘን ይገባል፣
ሙዚየሙ ግን ኮምፒውተር ውስጥ ይቀጥላል» አሉ፤
ይህን ብለው ጃንጥላ ዘረጉ፣ እዚያው ከጣራው ሥር እንዳሉ።

ከዚያ ሊስቤት መጣች፣ ጥፍሯን የበላች፣ ዝምተኛ፣
ቀን ፎቶ የምታነሳ፣ ማታ የማትተኛ።
ለበሩ እጀታ ብቻ መቶ ጊዜ ዞረች።
«በምንድን ነው የምትሠሪው?» ብላት፣
«በጨዋታ ሶፍትዌር ነው፣ ተኩስ በሚሠሩበት» አለች።

ጨዋታ! አልኩ በሆዴ።
እዚህ ቤት ጨዋታ ከጠፋ ስንት ዘመኑ!
ሰው ይገባል፣ ያያል፣ ይወጣል፤
እኔም «እባክዎ አይንኩ» ከማለት በቀር
ደሞዝ የሚከፈለኝ ለዝምታዬ ነበር።

የመጀመሪያ ቀን ስክሪኑን ወደኔ አዞረችው።
አዳራሹ ተዘርግቷል፣ ግድግዳው ነጭ፣ ገና ምንም የለው፤
ከታች በኩል ግን ጠመንጃ ብቅ ብሏል፣
አፈሙዙ ወደ ዋንጫው።
«ይቅርታ፣ አብሮ የሚመጣ ነው» አለች፤
አንዲት ቁልፍ ነካች፤ ጠመንጃው ጠፋ፣
የያዘው እጅም አብሮት ጠፋ።
እኔ ትጥቅ ስፈታ፣ ያኔ፣ በወጣትነቴ፣
ሦስት ቀን ነበር ሰልፉ።

«ሂድበት» አለችኝ። አንድ እርምጃ ብል ወለሉ አልያዘኝም፤
ወደቅሁ፣ ማለቂያ በሌለው ሰማያዊ ባዶ ውስጥ፤
ሙዚየሙ ከበላዬ እንደ ክብሪት ቀፎ አነሰ።
«እዚህ ዓለም ግድግዳም ቢሆን
ግድግዳ መሆኑ ካልተነገረው ማንንም አያስቆምም» አለች ሊስቤት።
እኔም እንደዚያው ነበርኩ፣
ዩኒፎርም እስኪሰጡኝ ድረስ።

ድምፄን ሳይሆን እግሬን ቀዳችው።
ከመስኮቱ ሦስተኛዋ ጣውላ ስትረገጥ ታጉረመርማለች፤
እሷ ላይ አሥር ጊዜ አመላለሰችኝ።
ብርሃኑን ሌሊቱን ሙሉ ጋገረችው፤ በነሱ አነጋገር «መጋገር» ይባላል፤
ጠዋት ሳየው የጥቅምት ፀሐይ ዋንጫው ላይ ተጋድማለች፣
ከእንግዲህ ላትጠልቅ።
«ጥጉ ጋ ጥሬ ነው» አልኳት። እውነትም ጥሬ ነበር።

«ባልዲውስ?»
«የምን ባልዲ?»
«ጠብ ጠብ የሚለው።»
አሰብ አደረገችና ጨመረችው።
«ወንበሬስ?»

ዝም አለች።
ሦስት ሺህ ፎቶ ስታነሳ፣ እንዳይጋርዳት፣
ሦስት ሺህ ጊዜ ወደ ጎን ገፍታው ኖሯል።

የማይሰረቅ ዕቃ ጠባቂ አይሻም፣
የማይሰበር ዋንጫ «አይንኩ» አያሻም፤
ይገባኛል።
ጠባቂ ማለት ግን በኛ አፍ ሁለት ሰው ነው፤
አንዱ ዘብ የሚቆመው፣
አንዱ «አሁን ይመጣሉ» እያለ ደጅ ደጁን የሚያየው።
ዘቡን ሸኙት፣ ግድ የለም፣ ጡረታ አለው።
ሁለተኛውን ግን ማን ያሰናብተው?

አሁን ማታ ማታ በልጄ ኮምፒውተር እገባለሁ።
ወደ ታች ባይ እግር የለኝም፤
ጣውላዋ ግን በኔው እግር ታጉረመርማለች።
ወንበሩ ጥጉ ጋ አለ፤ መቀመጥ አይቻልም፤
አጠገቡ እቆማለሁ።

ትናንት አንድ እንግዳ መጣ፣ ከየት አገር እንደሁ እንጃ፣
የሚንሳፈፍ ክብ ብርሃን፣ አናቱ ላይ ቁጥር የተጻፈ፤
ግራ ቀኝ ሳያይ ሄደና በዋንጫው መሀል አለፈ።
ዋንጫው ምንም አልሆነም።
እኔ ግን ሳሎኔ ውስጥ ብድግ ብዬ፣ በደች ቋንቋ፣
«እባክዎ አይንኩ!» ብዬ ጮኽኩ።

ሶልያና ከመኝታ ቤቷ፦
«አባዬ፣ ከማን ጋር ነው ጨዋታው?»